ስለ ጊደሬ ማን ይጠይቀኝ?

ልጆቼ፣

የዱር እንስሳት ሐኪም ሆኜ ወደ ሠላሳ ዓመት ሠርቻለሁ። ብዙዎቻችሁ «አንበሳ በጣም እወዳለሁ፣ ምን ልማር?» ትሉኛላችሁ። ጥያቄውን በሰማሁ ቁጥር ደስ ይለኛል። ልጅ ሳለሁ አባቴ ስድስት ኪሎ አንበሳ ግቢ ወሰደኝ። አንዱ ተነሥቶ ሲያገሳ ድምፁን በጆሮዬ ብቻ ሳይሆን በደረቴም ሰማሁት። ጥቁር ጎፈሩ እስከ ሆዱ ይወርድ ነበር። ያን ሌሊት እንቅልፍ በዓይኔ አልዞረም። እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት የዚያን ግቢ 15 አንበሶች ዘረመል መርምሮ ከተነጻጸሩት ሌሎች አንበሶች የተለዩ መሆናቸውን ሲያሳይ፣ ያ ሌሊት ትዝ አለኝ።

አንበሳ ሳንቲማችን ላይ አለ። አውቶቡሳችን በስሙ ይጠራል። ጀግናውንም አንበሳ እንለዋለን። ስሙ ከአፋችን ስለማይጠፋ ራሱም የማይጠፋ ይመስለናል። በመላው አፍሪካ ዱር ውስጥ የቀረው ግን ከ20,000 እስከ 25,000 ቢሆን ነው ተብሎ ይገመታል።

ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ወደ ቆላ ተላክሁ። አንበሳ የአንድ አርብቶ አደር ሽማግሌን ጊደር በሌሊት ገድሏል። እሳቸውም ሬሳው ላይ መርዝ አድርገዋል። ስንደርስ አራት ጅብና ብዙ ጥንብ አንሳ ሞተው አገኘን። አንበሳው አልተመለሰም። እኔ ደብተሬን አውጥቼ መጠየቅ ጀመርኩ። በስንት ሰዓት መጣ? ወንድ ነው ሴት? ብቻውን ነበር? ሽማግሌው እስክጨርስ ጠበቁና «ልጄ፣ ስለ አንበሳው ጠየቅኸኝ። ስለ ጊደሬ ማን ይጠይቀኝ?» አሉኝ።

ልትወልድ ሁለት ወር የቀራት ጊደር ነበረች። ለልጅ ልጆቻቸው ወተቷን ሲጠብቁ ነበር። የምመልሰው አጣሁ።

ከዚያ ወዲህ የትም ስሄድ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ከብቱ ነው። ከዚያ በረቱን አያለሁ። አንበሳ ብዙ ጊዜ አጥር ዘሎ አይገባም። ከብቶቹ ሽታው ሲደርሳቸው ይደነግጡና የሳሳውን አጥር ጥሰው ይወጣሉ። የሚይዛቸው ውጭ ነው። ስለዚህ አጥሩ ከፍ ማለት ብቻ አይበቃውም። እሾሁ ጥቅጥቅ ብሎ ከውስጥ ወደ ውጭ የማያሳይ መሆን አለበት። የሽማግሌውን በረት ከዱር እንስሳት ጠባቂ ስካውቶቹ ጋር ሆነን አጠርነው። እጄ በእሾህ ተበላ። የአንበሳ ሥራ የጀመርኩት ያኔ ይመስለኛል። ደግሞም ቆርኬውና ከርከሮው ካለቀ አንበሳው ከብት ከመብላት ሌላ ምን ምርጫ አለው?

ስለዚህ የእንስሳት ሕክምናም ሆነ ባዮሎጂ ተማሩ፤ ከዚያ ጋር ግን ቋንቋ ልመዱ። አፋርኛ፣ ሶማሊኛ፣ ኦሮምኛ፣ የምትሠሩበትን አገር ቋንቋ። እ.ኤ.አ. በ2016 ተመራማሪዎች በሱዳን ድንበር አጠገብ ባለው በአልጣሽ ፓርክ በካሜራና በዱካ አንበሳ መኖሩን ሲያረጋግጡ ለዓለም ትልቅ ዜና ሆነ። እዚያ አካባቢ የሚኖር ሰው ግን ድሮም ያውቅ ነበር።

አንድ የሚያንገበግበኝ ነገር ልንገራችሁ። በዓለም ላይ የቀረው አቦ ሸማኔ ወደ 7,000 ነው። ከሶማሌ ክልላችንና ከጎረቤት አገሮች ግልገሎቹ ከእናታቸው እየተነጠቁ፣ ባሕር ተሻግረው ወደ ገልፍ አገሮች ይሸጣሉ። ብዙዎቹ መንገድ ላይ ያልቃሉ። የተባበሩት ዓረብ ኤምሬቶች እ.ኤ.አ. በ2016 እንዲህ ያለ አውሬ ቤት ማሳደግን በሕግ ከልክላለች፤ ንግዱ ግን አልቆመም። እጄ የደረሱትን አይቻለሁ። ያለ አጥንት ሥጋ ብቻ እየበሉ ስላደጉ እግራቸው ይጎብጣል። አደን ከእናቱ የሚማርበትን አንድ ዓመት ተኩል የተነጠቀ ግልገልን ወደ ዱር መመለስ እጅግ ከባድ ነው። ሆለታ አጠገብ እንሰሳ ኮቴ የሚባለው ማዕከል እንዲህ ያሉትን ተቀብሎ ይንከባከባል። መኪና ውስጥ የተቀመጠ አቦ ሸማኔ ቪዲዮ ሲመጣላችሁ እባካችሁ ላይክ አታድርጉ፣ ሼርም አታድርጉ። ያየው ሁሉ ሲወድለት ሌላውም ለመግዛት ይነሣሣል።

ሽማግሌው አሁን በሕይወት የሉም። ከመሞታቸው በፊት ግን አንድ ጠዋት በልጃቸው ስልክ ደወሉልኝ። «ሌሊት መጥቶ ነበር፤ አጥሩን ሁለቴ ዞሮ ሄደ» አሉኝ። ከዚያ ስለ ከብቶቹ ሳልጠይቃቸው «ሁሉም ደህና ናቸው» አሉና፣ ነፋሱ ሳያጠፋው ዱካውን መጥቼ እንዳይ ጠሩኝ።