የጥርስ ጥያቄና መልስ፦ ለጥምቀት ጎንደር ለምትገቡ

መላሽ፦ እንደምን አመሻችሁ። ጥምቀት በቀረበ ቁጥር ከውጭ የሚደርሰኝ መልእክት አንድ ነው፤ «ሦስት ሳምንት አለኝ፣ አፌን ሙሉ ሥራልኝ፣ ስንት ነው?» ዛሬ ማታ ከ2 እስከ 4 ሰዓት ተቀምጫለሁና ጠይቁ። ጎንደር ተምሬ እዚሁ የምሠራ የጥርስ ሐኪም ነኝ። የክሊኒኬን ስም አልጠራም፤ ገበያ ፍለጋ አልመጣሁም። ራጅ ሳላይ ማንንም አላክምም። ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት ደግሞ የመመለሻ ትኬታችሁን ቀን ጻፉልኝ።

የቀበሌ 18 ልጅ፣ ከዲሲ፦ ዶክተር፣ የግራ ታች መንጋጋዬ ሩት ካናል (ነርቯን አውጥቶ ውስጧን መድፈን) እና ክራውን (ከላይ የሚለበስ ሽፋን) ያስፈልጋታል ተባልኩ። ለሁለቱ 2,900 ዶላር። ኢንሹራንሴ በዓመት ከ1,500 በላይ አይከፍልም፣ የዘንድሮው ደግሞ አልቋል። ጥር 5 ጎንደር ገብቼ ጥር 22 እመለሳለሁ። ይደርሳል?

መላሽ፦ ቀኑን ስለጻፍክ ተባረክ። ከትኬትህ ወደ ኋላ እንቁጠር። ጥር 22 ተሳፋሪ ነህ። ክራውን በተገጠመ ማግስት ሰው ሲበር አልወድም፤ ከፍ ማለቱ የሚታወቀው ሲያኝኩበት ነው። ከፍ ካለ ሞርዶ ማስተካከል የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው፣ ያኔ ግን አንተ ዲሲ ነህ። ስለዚህ ቢዘገይ ጥር 18 መገጠም አለበት። ክራውኑን የሚሠራው ላቦራቶሪ ሳምንት ያህል ይፈልጋል፤ ልክ የሚወሰደው ጥር 11 ሊሆን ነው። ጥር 11 እኔም አንተም የት እንደምንሆን ታውቃለህ። 10 ከተራ፣ 12 ቃና ዘገሊላ፤ የላቦራቶሪውም ልጆች ታቦት ሸኝተው ነው የሚመለሱት። ሩት ካናሉ ራሱ አንዳንዴ በአንድ ቀን ያልቃል፣ መግል ከቋጠረ ግን ሁለት ሦስት ቀጠሮ ይወስዳል። ጨርሶ አይሆንም አልልህም፣ ጥድፊያ ነው። ወይ ትኬቱን በሳምንት ግፋው፣ ወይ ሩት ካናሉን እዚያው አስጨርሰህ ለክራውኑ ብቻ ና።

የማልፈቅድልህ አንድ ነገር አለ፤ ሩት ካናሉን አስደርገህ ክራውኑን «ለከርሞ» ማለት። ይህን እስኪሰለቻችሁ እደግመዋለሁ። ነርቯ የወጣ መንጋጋ ጣሪያው ተነሥቶ ግድግዳው ብቻ የቀረ ቤት ናት፤ አንድ ቀን ቆሎ ስትቆረጥም ትሰነጠቃለች። ስንጥቁ ወደ ሥር ከወረደ ነቀላ ነው፣ ከነቀላ በኋላ ኢምፕላንት (አጥንት ውስጥ የሚተከል ሰው ሠራሽ ጥርስ) ነው፤ የክራውኑን ዋጋ ሸሽተህ ከሁሉ ውድ የሆነው ሥራ ላይ ትወድቃለህ። አምና ለሁለት የተከፈለች መንጋጋ ይዛ የመጣች ሴት «አላመመኝም እኮ!» አለችኝ። ነርቭ የሌላት ጥርስ ምን ብላ ትጩህ?

ሌላም ልጨምር። የታች መንጋጋ ብዙ ጊዜ ነርቩ የሚያልፍበት ሦስት ቦይ አላት። የላይኛዋ ብዙ ጊዜ አራት፣ አራተኛው ደግሞ ተደብቆ የሚቀር ነው። የትም ብትሠራ «ስንት ቦይ አገኘህ?» በል፤ የመጨረሻውን ራጅም በስልክህ አንሣው።

የአራዳው፣ ከለንደን፦ ሩት ካናል ጎንደር ስንት ነው?

መላሽ፦ ቀን አልጻፍክም። ለመሆኑ አንተ ለምን እዚህ ድረስ ትመጣለህ? እንግሊዝ አገር በኤንኤችኤስ (በመንግሥት ጤና አገልግሎቱ) ሩት ካናል ባንድ ሁለት፣ ማለትም ሁለተኛው የክፍያ እርከን ነው፤ በኤፕሪል 2025 ተመን 75.30 ፓውንድ ነበር። ክራውን ከተጨመረበት ባንድ ሦስት ይሆንና ሁሉም በጥቅሉ 326.70 ነበር። የአውሮፕላንህ ሒሳብ ከዚህ ይበልጣል።

የአራዳው፣ ከለንደን፦ ችግሩ ሐኪሙን ማግኘት ነው እንጂ! በሰፈሬ ያሉት ሁሉ አዲስ ሰው አንቀበልም ነው የሚሉት።

መላሽ፦ ሰምቻለሁ። ከሰፈርህ ራቅ ብለህ ደውል። ባቡር ከአውሮፕላን ይረክሳል።

ከፍራንክፈርት፦ እኔ ጀርመን ነኝ፣ ክራውን ፈልጌ ነበር። ጥር 3 ገብቼ የካቲት 1 እመለሳለሁ።

መላሽ፦ የአንተ ቀን ይበቃል። ግን የቦነስ ደብተርህን አስፈርመሃል? የመድን ድርጅቱ ለመደበኛው ሥራ 60 በመቶ ይሰጣል፤ አምስት ዓመት ሳያቋርጥ ምርመራ ያስፈረመ 70፣ አሥር ዓመት ያስፈረመ 75። መጀመሪያ እዚያ የወጪ ግምት አስወጣ፣ ከዚያ ከእኛ ጋር አስተያየው።

ስም አልባ፦ እሺ ሌላውን ተወውና በብር ንገረን። ነቀላ ስንት? ሙሌት ስንት? እጥበት ስንት?

መላሽ፦ ቁጥር አልጽፍም፣ ምክንያቱንም ልንገርህ። ማደንዘዣው፣ የሙሌት ዕቃው፣ የሩት ካናል መርፌው፣ የኢምፕላንቱ ታይታኒየም ሁሉ በዶላር የሚገባ ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሬው ለገበያ ከተለቀቀ ወዲህ የዕቃ ዋጋ ባለበት አልቆመም። ዛሬ የጻፍኩትን ቁጥር በሚቀጥለው ዓመት ስልክህ ላይ ይዘህ መጥተህ ከፀሐፊዋ ጋር ትጣላለህ። ቅደም ተከተሉ ግን አይለወጥም። ቀላል ነቀላ፣ ሙሌትና እጥበት ከታች ናቸው። ሩት ካናል እንደ ቦዩ ብዛት ይወጣል፤ የፊት ጥርስ ብዙ ጊዜ አንድ ቦይ ስላላት ትረክሳለች። ክራውን እንደ ዕቃው ነው፤ በብረት ላይ የተጋገረ ፖርስሊን ዋጋው ይቀላል፣ ዚርኮኒያ (ነጭ ጠንካራ ሴራሚክ) ዋጋው ይከብዳል። ኢምፕላንት ከሁሉ በላይ ነው። ራጅህን ላክና ፕሮፎርማ ጠይቅ፤ ፕሮፎርማው ላይ የክራውኑ ዕቃ በስሙ ካልተጻፈ አትቀበል።

እናት፣ ከኔታንያ፦ ልጄ፣ 74 ዓመቴ ነው። ከታች አራት ጥርስ ነው የቀረኝ፣ እነሱም ይነቃነቃሉ። ከእህቴ ዘንድ አዘዞ ሁለት ወር እቆያለሁ። ነቅለህ ሙሉውን ትሠራልኛለህ?

መላሽ፦ እማማ፣ እንኳን በደኅና ያምጣዎት። ሁለት ወር ሰፊ ጊዜ ነው። ግን አንቱ ከ72 ዓመት በላይ ስለሆኑ በእስራኤል ሕግ የጥርስ ሕክምና በጤና ፈንዱ ይሸፈንልዎታል፤ ከመምጣትዎ በፊት ልጆችዎ ኩፓት ሆሊሙን (የጤና ፈንዱን) ይጠይቁልዎ። እዚያ በትንሽ ክፍያ የሚያገኙትን እዚህ ከኪስዎ አያውጡ። አንድ ከባድ ጥያቄ ልጠይቅዎ፤ ለአጥንት መሳሳት በሳምንት አንዴ በባዶ ሆድ የሚዋጥ ኪኒን ወይም መርፌ ይወስዳሉ?

እናት፣ ከኔታንያ፦ ኪኒኑን እሑድ እሑድ እውጣለሁ፣ አራት ዓመት ሆነኝ።

መላሽ፦ እንግዲያው የትም አገር ማንም ዝም ብሎ እንዳይነቅልዎ። ኪኒኑ የአጥንትን እድሳት ያዘገያል፤ የተነቀለበት ቦታ ሳይድን አጥንቱ ተራቁቶ ሊቀር ይችላል። ሁልጊዜ ይሆናል ማለቴ አይደለም፣ ነቃዩ ግን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በራስዎም አያቋርጡት። የመድኃኒቱን ካርቶን ይዘው ይምጡ። እናት አባት ያላችሁ ሁሉ ይህን አንብቡላቸው፤ የስኳርና የደም ማቅጠኛ መድኃኒትም እንደዚሁ ነው።

የማራኪዋ፣ ከቶሮንቶ፦ ዶክተር፣ ድዴ ንቅሳት አለው፣ አያቴ በልጅነቴ አስነቅሳኝ ነው። እዚህ ያለው ሐኪም ጥቁረቱን አይቶ ደነገጠና ተቆርጦ ይመርመር አለኝ። ማጥፋት ይቻላል?

ደብረ ብርሃን ሥላሴ፦ ለምን ታጠፊዋለሽ? የጎንደር ሴት ውበቷ አይደለም እንዴ! ነጭ ጥርስ በጥቁር ድድ።

ከሚኒያፖሊስ፦ ውበት? በአንድ መርፌ የሰፈሩን ልጃገረድ በሙሉ እየወጉ? እኔ አልቅሼ ነው የተነቀስኩት። ስስቅ አፌን በእጄ ነበር የምሸፍነው።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ፦ ፈረንጅ ከንፈሩን ሲነቀስ ፋሽን፣ የእኛ ሲሆን ኋላ ቀርነት።

ከሚኒያፖሊስ፦ ፈረንጁን ማን አስገደደው?

የማራኪዋ፣ ከቶሮንቶ፦ ኧረ እኔ የጠየቅሁት ሌላ ነው!

መላሽ፦ ሁለታችሁም ቆዩ። እህቴ፣ ጥላሸቱ በመርፌ ድድ ውስጥ የገባ ቀለም ነው፤ ካንሰር አይደለም፣ ወደ ካንሰርም አይለወጥም። ውጭ ያለ ሐኪም ግን በትምህርት ቤት ያላየውን ነገር ቢጠራጠር አይፈረድበትም፤ አፍ ውስጥ አዲስ የወጣ ጥቁረት ክፉ በሽታ የሚሆንበት ጊዜ አለና። «በልጅነቴ የተነቀስኩት ነው፣ መጠኑ አልተለወጠም» ብለሽ ንገሪው፣ ፎቶ አንሥቶ ፋይልሽ ውስጥ ያስቀምጠው። ከተለወጠ፣ ካበጠ ወይም ከደማ ግን ይመርመር። ማጥፋት ይቻላል፤ በሌዘር ወይም የላይኛውን ሥጋ በመፋቅ፣ አንዳንዴ በድጋሚ ይሠራል። ቀለሙ ጠልቆ ከሆነ ግራጫ ጥላ ይቀራል። አያቴም እንዲሁ ነበረች፤ ስትስቅ ታምር ነበር። በአንድ መርፌ ብዙ ሰው መንቀስ ግን የጉበት ቫይረስም ኤችአይቪም ያስተላልፋል፤ በዚህ ክርክር የለም።

ደብረ ብርሃን ሥላሴ፦ ፍንጭትስ? እህቴ ልጇን ሽቦ ልታሳስር ነው፣ ፍንጭቷን ልታስዘጋ።

መላሽ፦ ልጅቷን ጠይቋት። ቀጣይ።

ከሲያትል፦ ኢምፕላንት በሁለት ሳምንት ያልቃል?

መላሽ፦ አያልቅም። እዚህ ላይ ትንሽ ልዘርዝር፣ ከሁሉም በላይ ሰው የሚታለልበት ይህ ነውና። ኢምፕላንት አጥንት ውስጥ የሚተከል የታይታኒየም ቡሎን ነው። ሕይወት ያለው አጥንት ታይታኒየምን አይገፋም፣ ይይዘዋል። ይህን ለጥርስ ያዋለው ስዊድናዊው ብሮነማርክ ነው፤ የመጀመሪያውን ሰው ያከመው እ.ኤ.አ. በ1965 ነው። አጥንቱ እስኪይዘው በታችኛው የመንጋጋ አጥንት ሦስት ወር ያህል፣ በላይኛው እስከ ስድስት ወር ይጠበቃል። ስለዚህ ሁለት ጉዞ ነው። የታችውን ለጥምቀት ብትተክል ለፋሲካ ጥርሱን ትገጥማለህ። የላይኛውን ክረምት ላይ። የሁለተኛውን ትኬት ዋጋ ሒሳቡ ውስጥ ያላስገባ ሰው ረከሰልኝ አይበል።

ሲጋራ ካላቆምክ አትጀምረው። ስኳርህም ካልተስተካከለ እንደዚሁ። ስትመለስ የኢምፕላንቱን ካርድ ይዘህ ሂድ፤ ሥሪቱ፣ ውፍረቱ፣ ርዝመቱ የተጻፈበት። የእያንዳንዱ ፋብሪካ መፍቻ ይለያያል፤ ቡሎኑ ሲላላ የአሜሪካው ሐኪም ሥሪቱን ካላወቀ እጁን አጣጥፎ ይመልስሃል።

ከሲያትል፦ ጓደኛዬ ቱርክ ሄዶ በአምስት ቀን ጥርስ ይዞ ተመለሰ እኮ።

መላሽ፦ ወይ ጊዜያዊ ጥርስ ነው የገጠሙለት፣ ወይ ጤነኛ ጥርሱን ሞርደው ክራውን አለበሱት። የተሞረደ ጥርስ ተመልሶ አይበቅልም። ጓደኛህን የትኛው እንደሆነ ጠይቀው።

የፒያሳው፣ ከአትላንታ፦ ኢምፕላንት አሥራ አምስት ቀን አይበቃም ማለት ነው?

መላሽ፦ ከላይ አንብብ።

ከዴንቨር፦ ጎንደር የተሠራሁትን ኢንሹራንሴ ይመልስልኝ ይሆን?

መላሽ፦ ውልህን እኔ አላውቀውም። ደረሰኝህ ግን እያንዳንዱን ሥራ ለየብቻ፣ ከቀኑና ከጥርሱ ቁጥር ጋር ይያዝ። ቁጥሩ ላይ ደግሞ ተጠንቀቁ፣ ይህ ቀልድ አይደለም። እኛ አፉን ለአራት ከፍለን ነው የምንቆጥረው፤ አሜሪካ ከ1 እስከ 32 በተርታ ይቆጥራል። እኔ 36 ብዬ የምጽፋት የግራ ታች መንጋጋ ለእነሱ 19 ናት። 36 የሚባል ስለሌላቸው እሷስ ግራ አጋብታ ትቀራለች። አደገኛው ሁለቱም ጋ ያለው ቁጥር ነው። እኔ 18 ስል የቀኝ ላይ የመጨረሻዋን መንጋጋ ነው፤ እነሱ 18 ሲሉ የግራ ታች ሁለተኛዋን መንጋጋ። «18 ይነቀል» የሚል ወረቀት ይዞ የመጣ ሰው ነበረኝ፤ ያመመው ግራ ባይሆንና አፉን ባላስከፍተው ኖሮ ደኅነኛዋን ልነቅላት ነበር። ወረቀታችሁ ላይ ቀኝ፣ ግራ፣ ላይ፣ ታች በቃል ይጻፍ።

የዝዋይ ልጅ፦ ያደግሁት ዝዋይ ነው፣ ጥርሴ ቡኒ ነው። በማንጫ ይነጣል?

መላሽ፦ በማንጫ ብቻ ብዙ ጊዜ አይነጣም። የስምጥ ሸለቆው ውኃ ፍሎራይድ ስለሚበዛው ጥርሱ ገና ሲሠራ ነው ቀለሙ የገባው። ቀላል ከሆነ በስሱ ይፋቃል፣ ከባድ ከሆነ በሙሌት ወይም በቬኒር (ከፊት በሚለጠፍ ስስ ሽፋን) ይሸፈናል። ዘንድሮ ለሚወለዱት ውኃው ነው መለወጥ ያለበት።

ከሪያድ፦ ዶክተርዬ፣ የሰው ቤት ነው የምሠራው። ጥርሴ ሌሊት አያስተኛኝም፣ አሞክሲሲሊን እየዋጥኩ ነው። ነጭ ሽንኩርትም አደረግሁበት።

መላሽ፦ እህቴ፣ ነጭ ሽንኩርቱን አውጪው፣ ድድሽን ያቃጥለዋል። አሞክሲሲሊን የተቆጣ ነርቭ አያድንም፤ ይህን ሁላችሁም ስሙ፣ አያድንም። ማስታገሻ ትንሽ ያቆይሻል እንጂ ጥርሷ መከፈት ወይም መነቀል አለባት። ፊትሽ ካበጠ፣ ትኩሳት ከመጣ፣ አፍሽን መክፈት ወይም መዋጥ ካቃተሽ ግን ለአሠሪዎችሽ ዛሬውኑ ንገሪ፣ ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱሽ። እብጠቱ ወደ አንገት ከወረደ ትንፋሽ ይዘጋል።

የአዘዞው፦ ነቅዬ በማግስቱ ብበርስ?

መላሽ፦ ቀላል ነቀላ ከሆነ ከአንድ ሁለት ቀን በኋላ መብረሩ ችግር የለውም። የምፈራው ሦስተኛውን ቀን ነው፤ የረጋው ደም ከጉድጓዱ ከወጣ አጥንቱ ይራቆትና ሕመሙ ጆሮ ድረስ ይዘልቃል። አታጭስ፣ አትጉመጥመጥ፣ አረቄም «ለመድኃኒት» አትበል። የዕለቱ ዕለት ትኩስ ቡናም ይቅር።

የልደታዋ፦ ጥርስ ተነቅሎ ደም እየመጣ መቁረብ ይቻላል? በጾም ማደንዘዣ መወጋትስ?

መላሽ፦ የመጀመሪያውን የነፍስ አባትሽ ይመልሱልሽ። ሁለተኛው የእኔ ነው፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ጾመው መጥተው ወንበሬ ላይ የሚዞርባቸው ብዙ ናቸው። ከተቻለ ጾሙ ከተፈታ በኋላ፣ ካልሆነ ከበላሽ በኋላ ከሰዓት ቀጠሮ ያዢ።

የኮሌጁ መምህር፦ አብሮን የሚያስተምር ሆላንዳዊ አለ፣ የመሣሪያው ንጽሕና ያሳስበዋል።

መላሽ፦ ልክ ነው፣ ያሳስበው። መሣሪያው የታሸገበት ከረጢት ዓይኑ እያየ ይከፈትለት፣ መርፌውም። ይህን ሲጠየቅ የሚቆጣ ሐኪም ካጋጠመው ተነሥቶ ይሂድ።

ስም አልባ፦ ክራውን ስንት ነው በብር?

መላሽ፦ ለሦስተኛ ጊዜ ነው። ትኬትህ መቼ ነው?

ስም አልባ፦ ገና አልቆረጥኩም።

መላሽ፦ እንግዲያው ስትቆርጥ እንነጋገር። አራት ሰዓት ሆኗል።

የቀበሌ 18 ልጅ፣ ከዲሲ፦ ዶክተር፣ አየር መንገዱን ደውዬ መመለሻዬን ወደ ጥር 29 አዛወርኩት። ሚስቴ ተቆጥታለች።

መላሽ፦ ጥር 6፣ ጠዋት 3 ሰዓት። የዲሲውን ራጅ ይዘህ፣ ቁርስ በልተህ ና።