የሴቶች ፕሮጀክት ከቁጠባ ሳጥን ይጀምር፦ ለደሴ ዙሪያና ለቃሉ ጥያቄ መልስ

እህታችን የጠየቀችው ይህ ነው፦ በደቡብ ወሎዎቹ ደሴ ዙሪያና ቃሉ ወረዳዎች ለ60 የገጠር ሴቶች ዶሮና በግ የሚያድል ሴቶችን የማብቃት ፕሮጀክት ሊጀመር ነው፤ ኑሯቸውን በእርግጥ ይለውጣል ወይ? የሚበላሸውስ የት ላይ ነው?

አብሽሪ እህቴ፣ ይለውጣል። ግን ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ አይለውጥም። እንስሳው ቀድሞ ቁጠባው ከኋላ ከመጣ፣ ልጅ ሲታመም ወይም የቅሬ (የእድር) መዋጮ ሲደርስ ሴትየዋ የምትሸጠው በጓን ነው። እጇ ላይ ሌላ ነገር የለማ! ስለዚህ እንስሳት ከመታደላቸው ቢያንስ ሦስት ወር ቀድማችሁ ቁጠባውን ጀምሩ።

አንዱ ቡድን ከ15 እስከ 25 ሴት ይያዝ፤ 60ዎቹ ሦስት ቡድን ይወጣቸዋል። ጎረቤታሞች ሆነው እርስ በርስ ይመራረጡ። ከቀበሌ በመጣ ዝርዝር የተመደበ ቡድን አይተማመንም፣ ያልተማመነ ደግሞ አይቆጥብም። ሳጥኑ ሦስት ቁልፍ ይኑረው፤ ቁልፍ ያዦቹ ከሰብሳቢዋ፣ ከጸሐፊዋ፣ ሳጥኑን ቤቷ ከምታስቀምጠውና ከሁለቱ ገንዘብ ቆጣሪዎች ውጭ ሦስት ሴቶች ይሁኑ። በየሳምንቱ እያንዳንዷ ከአንድ እስከ አምስት ዕጣ፣ ማለትም የቁጠባ ድርሻ፣ ትግዛ። የዕጣው ዋጋ የቡድኑ ደሃ በክፉ ሳምንትም የምትችለው መሆን አለበት፤ ሀብታሟ የፈለገችውን ከተመነች ደሃዋ በሁለተኛው ወር ትቀራለች። አንድ ዕጣ 50 ብር ቢሆንና 20 ሴቶች በአማካይ ሁለት ሁለት ቢገዙ በሳምንት 2,000፣ በ12 ሳምንት 24,000 ብር ነው። ብድር የሚጀመረው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ማንም ካስቀመጠችው ከሦስት እጥፍ በላይ አትውሰድ። ለሕመምና ለሐዘን የሚዋጣው በሌላ ከረጢት ይቀመጥ። ማንበብ ለማትችል ሴት በደብተሯ ላይ ለእያንዳንዱ ዕጣ አንድ ማኅተም ይመታላት፤ ማኅተም ቆጥራ ገንዘቧን ታውቃለች። ዓመቱ ሲያልቅ ሁሉም ተቆጥሮ ይከፋፈላል፣ እንደገና ይጀመራል።

በእኛ አገር ብዙ ፕሮጀክት የሚዘነጋው ወለድን ነው። ወሎ ውስጥ አብዛኛዋ የቡድን አባል ሙስሊም የሆነችበት መንደር ብዙ ነው፤ ወለድ ያለበትን ብድር የማትነካው በሃይማኖቷ ምክንያት ነው እንጂ ፍላጎት አጥታ አይደለም። ሪፖርቱ ግን “የብድር ፍላጎት ዝቅተኛ ነው” ብሎ ይጽፈዋል፣ ይህ ትልቅ በደል ነው። መፍትሔው ብድሩ ዋናው ብቻ እንዲመለስ አድርጎ፣ ትርፉን ከንግድ ማምጣት ነው። ለምሳሌ ቡድኑ በቆጠበው ገንዘብ የከብት መኖ፣ ፉርሽካና ፋጉሎ (ዘይቱ የወጣለት የቅባት እህል ተረፈ ምርት)፣ በጅምላ ገዝቶ ለአባላቱ ይሸጣል፣ ወይም እህል በመኸር ገዝቶ ክረምት ያወጣል። ደንቡ ሳይጸድቅ ከአካባቢው ሸኾች ጋር ቁጭ ብላችሁ ተነጋገሩ።

ወደ ዶሮው ስንመጣ፣ በጀቱ የሚሳሳተው መኖ ላይ ነው። አንዲት የተሻሻለች እንቁላል ጣይ በቀን 120 ግራም ያህል ትበላለች። 20 ዶሮ ማለት በቀን 2.4 ኪሎ፣ በወር 72 ኪሎ መኖ ነው። ይህን ሳያስቡ 20 ዶሮ ማደል ሴትየዋን ዕዳ ውስጥ መክተት ነው፤ መኖ ሲያንሳት እንቁላሉ ይቆማል፣ ከዚያ ዶሮዎቹ አንድ በአንድ ገበያ ይወጣሉ። አምስት ዶሮ ከነመኖዋ ብትጀምር ይሻላል። ለአንድ ካሬ ሜትር ከስድስት እስከ ሰባት ዶሮ፣ ከዚያ በላይ አታጭቁ። የአንድ ቀን ጫጩት ለደሴ ዙሪያ ደጋ አትስጡ፤ በመጀመሪያው ሳምንት ከ32 እስከ 35 ዲግሪ ሙቀት ይፈልጋል፣ ያን የሚሰጥ ቤት የላቸውም። 45 ቀን የሞላውን ስጡ። ፈንግል የሚባለው የዶሮ በሽታ ደግሞ በአንድ ሳምንት ሁሉንም ይጨርሳል። ክትባቱ ከተበጠበጠ በሁለት ሰዓት ውስጥ ማለቅ ስላለበትና አንዱ ብልቃጥ ለብዙ ዶሮ ስለሚሆን፣ የመንደሩ ዶሮ ሁሉ፣ የፕሮጀክቱ ያልሆነው የሐበሻ ዶሮም ጭምር፣ በአንድ ጠዋት ይከተብ። በውኃ የሚሰጥ ከሆነ ክሎሪን ያለበት የቧንቧ ውኃ አይሁን፤ ክትባቱን ይገድለዋል። በየሦስት ወሩ ይደገም።

በግ ቀላል ነው። የ90 ቀን ማድለብ፣ ሦስት እጅ ፉርሽካ ለአንድ እጅ ፋጉሎ፣ ከድርቆሽ በተጨማሪ በቀን ከ300 እስከ 400 ግራም። ከ100 ግራም ጀምራ በሁለት ሳምንት ከፍ ታድርገው፤ በአንዴ ከሞላችው ሆዱ ይነፋል። ከበዓሉ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ወሎ ላይ ፋሲካም አረፋም ገበያ አለው፤ አረፋ ግን በየዓመቱ 11 ቀን ያህል ስለሚቀድም ያምናውን ወር ዘንድሮ አትድገሙት።

ስብሰባ ሰኞ አትጥሩ፤ የደሴም የባቲም ገበያ ሰኞ ነው። ውኃና እንጨት ሳይቀል ሥልጠና መጨመር ደግሞ የሴቲቱን እንቅልፍ መውሰድ ነው፤ ግማሽ ቀን የሚበላ ሥልጠና በሁለት ሰዓት ውስጥ ይለቅ።

እማወራዎችን፣ ቤቱን ብቻቸውን የሚመሩትን ሴቶች፣ ለብቻ እዩአቸው። ሴት በበሬ የማታርስበት ልማድ ስላለ፣ መሬቷን ለእኩል ትሰጥና ከምርቱ ግማሹ ይሄዳል። ለእርሷ ከአምስት ዶሮ ይልቅ የበሬና የጉልበት ኪራይ የሚሸፍን ብድር ይበልጣል። ካከራየችም ውሉ በጽሑፍ ይሁን፣ በወረዳው መሬት ጽሕፈት ቤት ይመዝገብ። ባለትዳር ከሆነች የይዞታ ደብተሩ ላይ ስሟና ፎቶዋ ከባሏ ጋር መኖሩን አረጋግጡ። ባሎቹንም የመጀመሪያውም የክፍፍሉም ቀን ጥሩ፤ ገንዘቡ ከየት እንደመጣ ያላየ ባል ሳጥኑን በጥርጣሬ ያያል።

ለውጥ መኖሩን ለማወቅ የሠለጠኑትን ቁጥር አትቁጠሩ። በሁለተኛው ዓመት ሦስት ነገር ጠይቁ፦ በጓ ስትሸጥ ዋጋውን ማን ወሰነ? ገንዘቡ ማን እጅ ገባ? ባለፈው ዓመት በችግር የተሸጠ እንስሳ አለ? ጥያቄው በኅዳር አይሁን፣ ያኔ ጎተራው ሁሉ ሙሉ ነው። ለመኸር አብቃዩ ቀበሌ በሐምሌና በነሐሴ፣ በበልግ ለሚኖረው ደጋ ደግሞ በልጉ ሳይሰበሰብ በግንቦት ሂዱ።