አያክስ «ይመለክ» ነበር ወይስ «ይዘከር»?

ጥያቄ፦ ስለ ጥንታዊት አቴና የተጻፈ ነገር እየተረጎምኩ ነው። አያክስ የሚባለው ጀግና በስሙ የሚጠራ «ጎሳ» እንደነበረው፣ ሰዎችም «ያመልኩት» እንደነበር ጻፍኩ። ሁለቱም ቃላት ለጆሮዬ አልጥም አሉኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ ከቀላሉ ልጀምር። «ጎሳ» ይቅርና «ነገድ» ይበሉ። ጎሳ ሲባል ቶሎ የሚታሰበን የሥጋ ዝምድና ነው። የአቴና አሥሩ ነገዶች ግን ከክርስቶስ ልደት በፊት በ508 ግድም ክሌይስቴንስ የሚባል ፖለቲከኛ ያዋቀራቸው ናቸው። የከተማውን፣ የባሕር ዳሩንና የመሐል አገሩን ሰው ሆን ብሎ ቀላቅሎ መደበው። 100 የጀግና ስሞች የአፖሎ ንግርት ወደሚነገርበት ወደ ዴልፊ መቅደስ ተልከው ለነገዶቹ መጠሪያ አሥሩ እዚያ ተመረጡ ይባላል። «ነገድ»ም ቢሆን የትውልድ ሽታ አያጣውም። ግን ነገደ ይሁዳ እንደምንለው፣ በአንድ አባት ስም መጠራትን ይሸከማል። ብሉይ ኪዳን ከግሪክ ወደ ግእዝ ሲመለስም ለዚሁ ለግሪኩ ቃል ለ«ፊሌ» የቆመው «ነገድ» ነው።

ከባዱ «ማምለክ» ነው። አያክስ (አዎ፣ በአምስተርዳሙ ክለብ ማልያ ላይ ፊቱ ያለው ሰውዬ) አምላክ አልነበረም። በአቴና አጠገብ ያለችው የሳላሚስ ደሴት ንጉሥ የቴላሞን ልጅ ነው። በትሮይ ጦርነት ከአኪለስ ቀጥሎ የሚጠራ ባለ ትልቅ ጋሻ። አኪለስ ሲሞት የጦር ዕቃው ለአያክስ ሳይሆን ለሌላው የግሪክ ጀግና ለኦዲሲየስ ተሰጠ። አያክስ አበደ። አለቆቹን የገደለ መስሎት በጎችና ከብቶች ፈጀ። ልቡ ሲመለስ አፈረና እንደ ሳኦል በሰይፉ ላይ ወደቀ። እንዲህ ለሞተ ሰው መሥዋዕት መቅረቡ እኛን ይገርመናል። ግሪኮች ግን የሚሠዉለት ጀግና የግድ ጻድቅ መሆን የለበትም። ሞቶም ኃይሉ ያልሞተ፣ ሲቆጣ የሚጎዳ፣ ሲጠሩት የሚደርስ ሰው ነው።

ጠርተውታልም። ከክርስቶስ ልደት በፊት በ480 ከፋርስ ጋር የሳላሚስ የባሕር ጦርነት ሊጀመር ሲል ግሪኮች አያክስንና አባቱን ድረሱልን አሉ። ፋርሶች ሲሸነፉ ከተማረኩት የፊንቄ መርከቦች አንዷ ለእሱ ስጦታ ሆና እዚያው ሳላሚስ እንደቀረች የጥንቱ የግሪክ ታሪክ ጸሐፊ ሄሮዶተስ ጽፏል። በደሴቲቱ በዓልም ነበረው፤ በኋለኞቹ ዘመናት የአቴና ወጣት ሠልጣኞች እየተሻገሩ ይሠዉለት ነበር። አቴና ገበያ ላይ ደግሞ የአሥሩ ጀግኖች የነሐስ ሐውልቶች በረድፍ ቆመው ነበር። የዘመቻ ጥሪ የሚለጠፈው እዚያው ሥር ነበር፤ የአያክስ ነገድ ሰው ስሙን ፍለጋ የሚሄደው ወደ አያክስ ሐውልት ነበር።

እንግዲህ «ያመልኩት ነበር» ካሉ አንባቢ ከአማልክቱ አለቃ ከዜውስ እኩል ያደርገዋል። አማርኛ በዚህ በኩል ጠንቃቃ ነው፤ የአምልኮ ስግደትንና የአክብሮት ስግደትን ይለያል። «ይዘክሩት ነበር» ካሉ ደግሞ ጠበል ጠዲቅ ይመጣብናል፤ አያክስም ሳያስበው ቅዱስ ሆኖ ያርፋል። እኔ ብሆን የሚያደርጉትን በቀጥታ እናገራለሁ፦ «መሥዋዕት ያቀርቡለት ነበር»፣ «በጭንቅ ጊዜ ይጠሩት ነበር»። ርዕስ ላይ «የአያክስ አምልኮ» ቢሉ አልቆጣም። ግሡን ግን ለአማልክቱ ይተዉላቸው።