ሆዴን በካሜራ ልታይ ወይስ ይቅርብኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። 29 ዓመቴ ነው። ከእምብርቴ በታች በቀኝ በኩል ማመም ከጀመረኝ ሁለት ዓመት አለፈኝ። ትርፍ አንጀቴ የወጣው ከአምስት ዓመት በፊት ነው። አልትራሳውንድ ታየሁ፣ ሲቲ ስካን ተነሳሁ፣ ሰገራም ሰጠሁ፣ መልሱ ሁሌ «ምንም የለሽም» ነው። ያልወሰድኩት የጨጓራ መድኃኒት የለም። አሁን ሐኪሜ በትንሽ ቀዳዳ ካሜራ አስገብተን እንይሽ አሉኝ። ልስማማ?
እህትዎ ከሐዋሳ

መልስ፦ እህቴ፣ «ምንም የለሽም» ማለት «አያምሽም» ማለት አይደለም። አልትራሳውንድም ሲቲም የማያሳዩት ብዙ ነገር አለ።

ግን ቀጠሮ ከመያዝሽ በፊት አንድ ነገር ሞክሪልኝ። በጀርባሽ ተኚና የሚያምሽን ቦታ በአንድ ጣት ተጫኚው። ጣትሽን ሳታነሺ ጭንቅላትሽንና ትከሻሽን ከአልጋው ቀና አድርጊ። ያኔ ከባሰብሽ ሕመሙ ከሆድ ዕቃሽ ሳይሆን ከሆድሽ ግድግዳ፣ ጡንቻ መሃል ከተያዘ ነርቭ ሊሆን ይችላል፤ እሱ ደግሞ ቦታው ላይ በሚወጋ ማደንዘዣ ሊሻለው ይችላል። ለሐኪምሽ ንገሪ። ይህቺ የአንድ ደቂቃ ምርመራ ስትዘለል በጣም ያናድደኛል።

በካሜራ ማየቱ (ላፓሮስኮፒ የሚባለው) እንዲህ ነው። ሙሉ ማደንዘዣ ይሰጥሻል፣ እምብርትሽ አጠገብ 1 ሴንቲሜትር ገደማ ይቀደዳል፣ ሆድሽ በካርቦን ዳይኦክሳይድ ይነፋና ካሜራው ይገባል። ስትነቂ ትከሻሽን ቢያምሽ አትደንግጪ፣ የጋዙ ነው፣ በጥቂት ቀን ይለቅሻል።

የወር አበባሽ ሲመጣ የሚብስብሽ ከሆነ ኢንዶሜትሪዮሲስ (የማህፀን ውስጠኛ ሽፋን የሚመስል ሥጋ ከማህፀን ውጭ የሚያድግበት በሽታ) ይጠረጠራል፤ እሱ በካሜራ ከታየ እዚያው ተቆርጦ ሊወጣ ወይም ሊቃጠል ይችላል። ክብደት ከቀነስሽ፣ ማታ ማታ ላብ የሚያጠምቅሽ ከሆነ ደግሞ የሆድ ቲቢን ማሰብ ነው፣ እኛ አገር ቲቢ አይረሳም። ናሙና ይወሰዳል፣ በመድኃኒት ይድናል።

የምፈራልሽ መጣበቁን ነው። ቀዶ ሕክምና ስለነበረሽ አንጀትሽ ተጣብቆ ሊገኝ ይችላል፣ «በቃ፣ ምክንያቱ ተገኘ» ይባላል። በ2003 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ የሆላንድ ጥናት መጣበቅ ያለባቸውን 100 ሕመምተኞች ለሁለት ከፈለና የአንዱን ወገን አላቀቀ፣ ሌላውን ግን በካሜራ አይቶ ብቻ ዘጋ። ከዓመት በኋላ የሁለቱም ሕመም ቀንሷል፤ የተላቀቁት ከሌሎቹ የተለየ ጥቅም አላገኙም። ማላቀቁ ደግሞ አንጀት ሊበሳ ይችላል።

ስለዚህ ሳትፈርሚ ጠይቂ፦ «ዶክተር፣ የሚፈልጉት ምንድን ነው? ካገኙትስ እዚያው ያክሙኛል ወይስ ሌላ ቀን?» ጥርት ያለ መልስ ከሰጡሽ እኔ ብሆን እስማማ ነበር። «ገብተን እናያለን» ብቻ ከሆነ ግን ሌላ ሐኪም አማክሪ።