ወፍራምና ዘመም ያለ የታፔላ ፊደል ለጠየቅሽው እህቴ

እህቴ፣ «ሐዋሳ ላይ ካፌ ልከፍት ነው፤ ለታፔላዬ ወፍራም፣ ዘመም ያለና ጌጥ ያልበዛበት የአማርኛ ፎንት ጠቁሙኝ» ብለሻል። የኔም ነገር የጀመረው ልክ እንዳንቺ ነው። በቁጥር ልንገርሽ።

1. «ቦልድ» (ማወፈሪያ) እና «ኢታሊክ» (ማዘመሚያ) የሚሉትን ቁልፎች እንዳትነኪ። ፎንቱ የራሱ ወፍራም ከሌለው ኮምፒውተሩ ጠርዙን አሳብጦ ያስመስላል። ከዊንዶውስ ጋር ይመጣ የነበረው ኒያላ ለምሳሌ አንድ ውፍረት ብቻ ነው ያለው። የኔ ዲዛይነር ግን (ስሙን ተዪው፣ የሰፈር ልጅ ነው) ቦልድ አደረገው፣ ኢታሊክ አደረገው፣ አልበቃ ብሎት ዙሪያውን አውትላይን ጨመረበት። ስክሪን ላይ እሳት ነበር። 14 ሺህ ብር ከፍዬ አሰቀልኩት።

በሳምንቱ አንድ ባጃጅ ነጂ ቆም አለና «ክክ በኪሎ ስንት ነው?» አለኝ። ሲቀልድ መስሎኝ ሳቅኩ። ማዶ ተሻግሬ ቀና ስል «ኬክ ቤት» ያልኩት «ኪክ ቢት» ሆኖ ቁጭ ብሏል! ኬን ከኪ፣ ቤን ከቢ የምትለያቸው እግራቸው ላይ ያለችው ቀለበት ናት። ፊደሉ ሲያብጥ የቀለበቷ ቀዳዳ ተደፈነ፤ ኃምሱ ሳልስ ሆነ። ማተሚያ ቤቱ «ያመጣኸውን ነው ያተምነው፣ ከደሙ ንጹህ ነን» አለኝ። ታፔላውን ልቀይር ብዬ ፈቃድ የሰጠኝ ቢሮ ስሄድ ደግሞ እንደ አዲስ ማመልከቻ ጻፍ ተባልኩ። አራት ቀን አመላለሱኝ። ጸሐፊዋ ከስልኳ ቀና ሳትል «በፊት ክክ ነበር እንዴ የምትሸጠው?» አለችኝ። እስካሁን ያናድደኛል።

2. ኖቶ ሳንስ ኢትዮፒክን አውርጂ። ነፃ ነው፤ ከቀጭኑ እስከ ወፍራሙ ዘጠኝ ውፍረት አለው። ወፍራሙን ሲሠሩት የቀለበቷን ቀዳዳ አስበውላታል። ኢታሊክ ግን የለውም፤ ራስሽ ታዘሚዋለሽ። ከ10 ዲግሪ አትለፊ፤ ከዚያ በኋላ እነ ለ እና በ የሚወድቁ ይመስላሉ። ወ፣ ዐ፣ ፀ ክባቸው ይጣመማል፤ ፊደሉን ወደ ከርቭ (ቅርጹ በእጅ ወደሚስተካከል መስመር) ቀይረሽ ማቃናት ነው። እኔን ሁለት ሌሊት ፈጅቶብኛል፣ ያውም ከዩቲዩብ እየተማርኩ። አሁን ሦስት ጎረቤቶቼ ታፔላቸውን ያሠሩት በኔ እጅ ነው፤ ያ ዲዛይነር ሳይቀር መጥቶ «በምን ፎንት ነው?» ብሎኛል።

ሦስተኛው... አዎ፣ ሲዳሙ አፎው፣ የሲዳማ ቋንቋው ማለቴ ነው። በላቲን ፊደል አብሮ ከተጻፈ፣ ላቲኑን የራሱ ቦልድ ኢታሊክ ካለው ፎንት ውሰጂና አማርኛውን በሱ ልክ አዝሚው። አንዱ ቀጥ ብሎ ሌላው ሲዘም ታፔላው የተጣላ ይመስላል። ለነገሩ ማዘመም የላቲን ልማድ ነው፤ በ1501 እ.ኤ.አ. ቬኒስ ውስጥ ሙሉ መጽሐፍ በኢታሊክ ታትሟል። የኛ ጸሐፍት ብራና ላይ አንድን ስም ማጉላት ሲፈልጉ በቀይ ቀለም ነበር የሚጽፉት። ቀዩን ብትሞክሪስ?

ከማሳተምሽ በፊት ግን በኤ4 አትመሽ በር ላይ ለጥፊውና ከመንገዱ ማዶ ለማያውቅሽ ሰው አስነብቢው። ለጓደኛሽ አይደለም፣ ስሙን አስቀድማ ስለምታውቀው ትክክል አድርጋ ታነበዋለች።

ካልሆነልሽ ፋይሉን ላኪልኝ፣ ቀለበቶቹን አይልሻለሁ። የኔ «ኪክ ቢት» አሁን ጓሮ የከሰል ጆንያ እየሸፈነ ነው።