ከዲግሪህ በታች ነው ያልከውን ሥራ ተቀበል፦ የዋልት ብሬይዝዌይትን መንገድ አይቼ የምመልስልህ

ውድ ወንድሜ፣ በአገር ቤት በሜካኒካል ኢንጂነሪንግ ተመርቀህ በዲቪ ወደ ሲያትል እንደመጣህ፣ እስካሁን በመጋዘን እንደምትሠራ፣ አሁን ደግሞ ለአውሮፕላን ፋብሪካዎች ዕቃ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት በቴክኒሻንነት ሊቀጥርህ እንደሆነ ጽፈሃል። ጥያቄህ «ከዲግሪዬ በታች ከገባሁ እዚያው እቀራለሁን? ወይስ የኢንጂነርነት ቦታ እስኪገኝ ልጠብቅ?» የሚል ነው። ከመላሾቹ አንዱ «ጥቁር ስደተኛ ከታች ገብቶ እላይ ሲደርስ አላየንም» ማለቱ አሳዝኖኛል፤ ምክንያቱም በዚሁ በምንኖርበት ከተማ የደረሰ ሰው አለ፤ በአውሮፕላን ሠሪው በቦይንግ የሠሩት ጃማይካዊው ኢንጂነር ዋልት ብሬይዝዌይት። እኔም በዚሁ ሙያ ስላለፍኩ ዘርዘር አድርጌ እመልስልሃለሁ።

1. ሥራውን ተቀበል። ዋልት ብሬይዝዌይት እ.ኤ.አ. በ1945 በጃማይካ፣ በኪንግስተን ተወለዱ። አሜሪካ መጥተው የምህንድስና ትምህርታቸውን በ1965 ጨረሱ፤ በ1966 ቦይንግ ሲቀጥራቸው የሰጣቸው ቦታ የረዳት ቱል ኢንጂነር ነበር። ይህ አውሮፕላኑን የመንደፍ ሥራ አይደለም። የአውሮፕላኑ ክፍል ሲቆረጥ፣ ሲበሳና ሲገጣጠም አጥብቀው የሚይዙትን ጂግና ፊክስቸሮች የማዘጋጀት ሥራ ነው። ብዙ ሰው ዝቅ አድርጎ የሚያየው ክፍል ነው፤ እኔ ግን ሥዕሉና ብረቱ የማይስማሙበትን ቦታ ከዚያ አብልጦ የሚያሳይ ወንበር አላውቅም። ንድፍ ክፍል የተቀመጠ ሰው ስህተቱን የሚሰማው ከሳምንታት በኋላ በደብዳቤ ነው፤ ቱል ክፍል ያለው ግን ክፍሉ ከፊክስቸሩ አልገባም ሲል በእጁ ያውቀዋል። አንተም የተሰጠህን ቦታ ስትመዝን ከስሙ ይልቅ ከሥዕሉና ከማሽኑ ምን ያህል እንደሚያቀርብህ እይ። መጋዘን ሆነህ የምትጠብቀው የኢንጂነርነት ቦታ ከሁለቱም ያርቅሃል።

2. ትምህርት ቤት ግባ፣ ነገር ግን የጨረስከውን ዲግሪ ለመድገም አይሁን። ብሬይዝዌይት ቦይንግ እየሠሩ በ1975 ከዋሽንግተን ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዲግሪ ያገኙት በኮምፒውተር ሳይንስ ነው። መካኒኩን ያውቁታል፤ የጎደለው ሌላ ነበር። በዚያን ጊዜ የንድፍ ሥዕል በአብዛኛው በእጅ ይሣል ነበር፤ ኮምፒውተር ሲመጣ ደግሞ እያንዳንዱ የንድፍ ሥርዓት ሥዕሉን በራሱ መንገድ ያስቀምጥ ስለነበር የአንዱን ድርጅት ሥዕል የሌላው ድርጅት ማሽን አያነበውም ነበር። አውሮፕላን ሠሪውና ሞተር ሠሪው አንድ ክንፍ ሥር እየተገናኙ ፋይል መለዋወጥ አለመቻላቸውን አስብ። በብሬይዝዌይት መሪነት የቦይንግ ሰዎች ሥዕልን ከአንዱ ሥርዓት ወደ ሌላው የሚያሻግር የጋራ ቅርጽ ሠሩ፤ ቦይንግ፣ ጄኔራል ኤሌክትሪክና የአሜሪካ የደረጃዎች ቢሮ እ.ኤ.አ. በ1979 ተባብረው ለጀመሩትና ዛሬም አይጂኢኤስ ለምንለው ደረጃ አንዱ መሠረት ይኸው ሆነ። በ1981 የአሜሪካ ብሔራዊ ደረጃ ሆኖ ጸደቀ። በዚያው ዓመት እርሳቸው በኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የስሎን ፌሎው፣ ማለትም የሥራ አመራር ትምህርት ተማሪ፣ ነበሩ።

ይህን የምነግርህ ስለ አንድ ታላቅ ሰው ለማውራት ብቻ አይደለም። እኔን ከፋብሪካው ወለል ያወጣኝ ያ ፋይል ነው። ከሲያትል ደቡብ፣ ኬንት ውስጥ ባለ አንድ አነስተኛ ድርጅት የክፍሎችን ልኬት በመመርመር ሥራ ላይ ሳለሁ ከደንበኞች የሚመጡ የአይጂኢኤስ ፋይሎች ሲከፈቱ የቅርጹ ገጽታዎች ተለያይተው፣ ጠርዞቹ ሳይጋጠሙ፣ አንዳንዴም የኢንችና የሚሊሜትር መለኪያው ተምታቶ ይመጡ ነበር። ኢንጂነሮቹ ይህን ሥራ ይጠሉት ነበር። እኔ ማታ ማታ በኮሚኒቲ ኮሌጅ ካቲያ የሚባለውን የኮምፒውተር ንድፍ ፕሮግራም እየተማርኩ ስለነበር ፋይሎቹን መጠገን ጀመርኩ፤ ቀስ በቀስ ፋይል በተበላሸ ቁጥር ወደ እኔ ይላክ ጀመር። አብሮኝ የሚሠራ አንድ ትሪኒዳዳዊ ባልደረባዬ «ይህን ነገር ካስጀመሩት አንዱ እኮ የእኛው ካሪቢያዊ ነው» ብሎ የብሬይዝዌይትን ታሪክ የነገረኝ ያኔ ነው። በመጨረሻ አለቃዬ የኢንጂነርነቱን ቦታ ሲሰጠኝ ሥራው አስቀድሞ በእጄ ነበር። በዚህ እኮራለሁ፣ አልደብቅህም።

3. ይህን በጥንቃቄ አንብበው፣ ለአንተም ይደርስሃልና። አንድ የሥራ አገናኝ ቢሮ ውስጥ ያገኘችኝ ሠራተኛ ግሪን ካርዴን ገልብጣ አየችና «የአውሮፕላን ሥራ ለዜጎች ብቻ ነው፤ ኢንጂነር የሚለውንም ከማመልከቻህ ላይ አውጣው፣ ጽዳት ሲኖር እንጠራሃለን» አለችኝ። ወረቀቴን የመለሰችልኝ ዓይኔን ሳታይ፣ ቀጣዩን ሰው እየጠራች ነበር። የተናገረችው ከሕጉ ጋር የሚጋጭ ነው። የጦር መሣሪያ ነክ ቴክኒክን ወደ ውጭ መላክን የሚቆጣጠረው ኢታር የሚባለው ደንብ «የአሜሪካ ሰው» ብሎ ከሚቆጥራቸው ውስጥ ቋሚ ነዋሪ፣ ማለትም የግሪን ካርድ ባለቤት፣ ይገኛል፤ ጥገኝነት የተፈቀደለትና በስደተኝነት የተቀበሉትም እንዲሁ። ዜግነት የሚጠየቀው የመንግሥትን ምስጢር ለማየት ፈቃድ በሚያስፈልግበት ሥራ ነው፤ የመንገደኞች አውሮፕላን ክፍል የሚሠራ ድርጅት በአብዛኛው እዚያ ውስጥ አይገባም። ከቢሮው ወጥቼ በአውሮፕላን ማረፊያው የመኪና ማቆሚያ የተቀጠርኩት በዚህች ሴት ቃል ምክንያት ነው፤ ያሳለፍኩትን ጊዜ ማን ይመልስልኛል? የሚያሳዝነኝ ከእኔ በፊትና ከእኔ በኋላ በዚያ ጠረጴዛ ስንት የእኛ ልጅ እንደተመለሰ ሳስብ ነው። እንዲህ የሚልህ ሰው ሲገጥምህ «ቋሚ ነዋሪ የአሜሪካ ሰው ነው» በለው፤ ካልሰማ በቀጥታ ለድርጅቱ የሠራተኛ ክፍል ጻፍ። እኔ ኋላ በቀጥታ ስጽፍ በግሪን ካርዴ ላይ አንድም ጥያቄ አልተነሣም።

የኢንጂነርነት የሙያ ፈቃድ ፈተና ጉዳይ አሁን አያስጨንቅህ። ለሕንፃና ለድልድይ የሚፈርም ኢንጂነር ያስፈልገዋል፤ በፋብሪካ ውስጥ ለሚሠራ አብዛኛውን ጊዜ አይጠየቅም። የትምህርት ማስረጃህን ግን ኮርስ በኮርስ በሚገመግመው ዓይነት አስገምግመው፤ ትራንስክሪፕቱም ከዩኒቨርሲቲው በታሸገ ፖስታ በቀጥታ ይላክ። ፖስታው በእጅህ ከተከፈተ አይቀበሉህም።

«አላየንም» ላለው ወንድምም አንድ ነገር ልጨምር። የቦይንግ 777 ሙሉ በሙሉ በኮምፒውተር የተነደፈ የመጀመሪያው የመንገደኞች ጄት ሲሆን እ.ኤ.አ. በ1994 ለመጀመሪያ ጊዜ በረረ፤ ቦይንግን ወደዚያ ካደረሱት ሥራዎች አንዱ የብሬይዝዌይት ቡድን ሥራ ነው። የእኛው የኢትዮጵያ አየር መንገድም እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ይበርበታል። በረዳትነት የገቡት ሰው እ.ኤ.አ. በ2000 የቦይንግ አፍሪካ ፕሬዚዳንት ሆነዋል።

እንግዲህ ከመፈረምህ በፊት የሠራተኛ ክፍሉን ሦስት ነገር በጽሑፍ ጠይቅ፦ ድርጅቱ የትምህርት ክፍያ ይሸፍን እንደሆነና ከስንት ወር በኋላ እንደሚጀምር፣ ቴክኒሻን ሥዕሎቹን በኮምፒውተር የመክፈት ፈቃድ ይኖረው እንደሆነ፣ እንዲሁም ፈረቃህ የትኛው እንደሆነ። የማታ ፈረቃ ከሰጡህ የማታ ትምህርቱ ስለሚያመልጥህ የቀን እንዲሆንልህ ገና ሳትገባ ተነጋገር፤ ከገባህ በኋላ ፈረቃ ማስቀየር ረጅም ወረፋ አለው። የቀኑን እምቢ ካሉህ ግን በኢንተርኔት የሚሰጡ የካቲያ ኮርሶች ስላሉ፣ የኮሌጆቹን ስም እዚሁ ሥር እጽፍልሃለሁ።