ከአሜሪካ እስር ቤት ወደዚህ የሚደወል ስልክ፦ ጥያቄና መልስ

ጋሽ ታሪፍ፦ እንደምን አመሻችሁ። ከቃሊቲ እስከ ቱሉ ዲምቱ ባለው ሰፈራችን አሜሪካ የታሰረ ዘመድ ያለው ሰው አይጠፋም። እኔ ሜሪላንድ ጠበቆች ቢሮ በአስተርጓሚነት ስሠራ የቤተሰቦችን የስልክ ሂሳብ ሳገላብጥ ኖሬያለሁ። ስለ ዋጋው፣ ስለ ሕጉና ስለ አሠራሩ ጠይቁኝ። ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጠራው። ከሁሉ በፊት ግን ጥሪው ይቀዳል። ስለ ክሱ በስልክ አታውሩ!

ሚጡ ገላን፦ ጋሽዬ ሰላም፣ ደቂቃው አሁን ስንት ገባ?

ጋሽ ታሪፍ፦ የቱ ደቂቃ? የካውንቲ ጄል ማለትም የአካባቢው እስር ቤት ነው፣ ወይስ የተፈረደበት የሚገባበት የግዛት ማረሚያ ቤት? ትልቅ ነው ትንሽ? እዚያው ለአክስቱ ነው የሚደውለው ወይስ ለአንቺ? ይሄን ጻፊልኝና እንነጋገራለን።

ሚጡ ገላን፦ እሺ ይቅር፣ ግን ለምንድን ነው እንዲህ የሚወደደው? ሰው በቴሌግራም በነጻ በሚያወራበት ዘመን?

ጋሽ ታሪፍ፦ ይሄ ነው ጥያቄ! ቁጭ በሉና ስሙኝ።

እስረኛው ኩባንያ አይመርጥም። መራጩ ሸሪፉ (የካውንቲው ፖሊስ አዛዥ) ወይም ማረሚያ ቤቱ ነው። አንድ ኩባንያ ብቻ ገብቶ መስመሩን ይይዛል፣ ከሚሰበስበው ብር ደግሞ ለእስር ቤቱ ድርሻ ይከፍል ነበር። ኮሚሽን ይሉታል። በአንዳንድ ቦታ ከገቢው ከግማሽ በላይ ነበር። እንግዲህ አስቡት። ጨረታውን የሚያሸንፈው ለእናንተ በርካሽ የሚያስደውለው ሳይሆን ለእስር ቤቱ ብዙ የሚሰጠው ነበር። ደላላ የቤት ኪራይ በጨመረ ቁጥር የእሱም ኮሚሽን እንደሚጨምረው ማለት ነው፣ ለአንተ ብሎ አይከራከርም። ገበያውን የያዙት ደግሞ በዋናነት ሁለት ኩባንያዎች ናቸው፣ ሴኪዩረስ እና ቫያፓዝ። ቫያፓዝ ድሮ ጂቲኤል ይባል የነበረው ነው፣ ስሙን ቀየረ።

በዚህ ላይ ደግሞ የአገልግሎት ክፍያ የሚሉት ነበር። ብር ስትሞሉ በማሽን ከሆነ 3 ዶላር፣ ሰው ካነጋገራችሁ 5.95። ይሄ እንኳ ጣሪያ ከተበጀለት በኋላ ነበር። ሃያ ዶላር የላከች እናት ሃያ ዶላር ሙሉ አታወራም ነበር።

የታክሲው ሾፌር፦ እንዴ፣ ታዲያ ወንጀል ሠርቶ ስልክ በነጻ ይደውል? ሆቴል ነው እንዴ?

ስንቅ አቀባይ፦ ሾፌሩ፣ ሂሳቡን የሚከፍለው እስረኛው መሰለህ? እናቱ ናት። እኔ እዚሁ ለወንድሜ ስንቅ ሳመላልስ የትራንስፖርቱን አውቀዋለሁ፣ እሱ አንዲት ሳንቲም አልከፈለም፣ የኔ ቦርሳ ነው የተራቆተው።

የታክሲው ሾፌር፦ እኔ ስለ አሜሪካ ነው ያልኩት እህቴ። የትራንስፖርት ነገር ከተነሳማ ነዳጁን ማን…

ስንቅ አቀባይ፦ ኧረ ነዳጁን ተወው። ባለፈው ከሳሪስ ስንት እንዳስከፈላችሁኝ ልናገር?

ጋሽ ታሪፍ፦ የታክሲ ታሪፍ ሌላ ቀን። ሾፌር፣ እህታችን ልክ ናት። በዚያ ላይ የካውንቲ ጄል ውስጥ ያለው አብዛኛው ሰው ገና ያልተፈረደበት ነው። ዋስ የሚፈልገውም፣ ከቤቱ ጋር የሚማከረውም በዚያው ስልክ ነው።

አቃቂ 08፦ ጋሼ፣ መንግሥታቸው ዝም ብሎ ነው የሚያየው? ጣሪያ አያበጁም?

ጋሽ ታሪፍ፦ ታሪኩ ረጅም ነው፣ ግን ደስ ይለኛል። ማርታ ራይት የምትባል ዋሽንግተን ዲሲ የምትኖር አያት ነበረች። ጡረታ የወጣች ነርስ፣ ዓይኗ አያይም። የልጅ ልጇ ታሰረ። ሩቅ ግዛት ወስደው አዘዋወሩት፣ የስልኩ ሂሳብ ከመድኃኒቷ ጋር ይሻማ ጀመር። በ2000 ከሌሎች ቤተሰቦች ጋር ሆና ከሰሰች። በ2003 ጉዳዩ የስልክና የብሮድካስት ተቆጣጣሪው መሥሪያ ቤት ኤፍሲሲ ጋ ደረሰ። እዚያ አሥር ዓመት ተኛ!

በ2013 ሚኞን ክላይበርን የምትባል ኮሚሽነር ተጠባባቂ ሊቀ መንበር ሆና አስነሳችው። ከግዛት ግዛት ለሚደወል ጥሪ ቀድሞ በተከፈለ ሂሳብ ደቂቃው ከ21 ሳንቲም፣ ተቀባዩ ሲከፍል ከ25 ሳንቲም እንዳይበልጥ ተደረገ። ከዚያ በፊት አንዳንድ ቦታ የ15 ደቂቃ ወሬ 17 ዶላር ይደርስ ነበር። በ21 ሳንቲም ሲታሰብ ያው 15 ደቂቃ 3.15 ዶላር ነው። ልዩነቱን እዩት።

ግን አብዛኛው እስረኛ የሚደውለው እዚያው ግዛቱ ውስጥ ነው። ኤፍሲሲ በ2015 ጣሪያውን ወደዚያም ሊያሰፋ ሲል ኩባንያዎቹ ከሰሱና በ2017 ፍርድ ቤት «የግዛት ውስጥ ጥሪ ሥልጣንህ አይደለም» አለው። ስለዚህ ሕግ መውጣት ነበረበት። በጃንዋሪ 2023 ተፈረመ፣ በማርታ ራይት ስም። ማርታ ራይት ግን በ2015 አርፋለች፣ አላየችውም።

በሕጉ መሠረት በ2024 ኤፍሲሲ ለማረሚያ ቤቶችና ለትልልቅ ጄሎች ደቂቃውን 6 ሳንቲም አደረገው፣ ትንንሾቹ እስከ 12 ሳንቲም። 15 ደቂቃ በ90 ሳንቲም ማለት ነው። ለእስር ቤቱ የሚከፈለውን ኮሚሽንም ከለከለ፣ የመሙያ ክፍያውንም አስቀረ። እኔ ያኔ ደስ ብሎኝ ቡና አስፈልቻለሁ። ቶሎ ነው የተደሰትኩት እንጂ! በጁን 2025 ኤፍሲሲው ራሱ ተግባራዊነቱን ወደ 2027 ገፍቶት ነበር። በኦክቶበር 2025 ደግሞ ጣሪያውን ከ2024ቱ ከፍ አደረገው፣ በላዩ ላይ ለእስር ቤቶች ወጪ ተብሎ በደቂቃ እስከ 2 ሳንቲም ተፈቀደ። ኮሚሽን በበር ወጣ፣ በመስኮት ገባ።

ሚጡ ገላን፦ ታዲያ አሁን ደቂቃው ስንት ነው?

ጋሽ ታሪፍ፦ ሚጡዬ፣ የጠየቅኩሽን ሳትመልሺ ደግመሽ ጠየቅሽኝ። የእስር ቤቱን ስም ይዘሽ ኩባንያው ድረ ገጽ ላይ ግቢ፣ ዋጋውን መለጠፍ አለባቸው።

ኮንዶሚኒየም ብሎክ 40፦ ነጻ የሆነበት አለ ሲባል ሰምቻለሁ።

ጋሽ ታሪፍ፦ አለ። ኒው ዮርክ ከተማ በ2019 በጄሎቿ ነጻ አደረገች። ከግዛቶች ኮነቲከት ቀደመች፣ በ2022። ካሊፎርኒያ በ2023፣ ማሳቹሴትስ፣ ሚኒሶታ እና ኮሎራዶም ተከትለዋል። ልብ በሉ፣ የካሊፎርኒያው የግዛቱን ማረሚያ ቤቶች እንጂ የካውንቲ ጄሎችን አይመለከትም። «ካሊፎርኒያ ነጻ ነው» ብላችሁ ልጁ ለምን አልደወለም ብላችሁ እንዳትቀየሙት።

እማማ ጎረቤት፦ ልጄ፣ የኔ ጎረቤት ልጇ ይደውላል ግን ታነሳና ፈረንጅ ያወራል፣ ትዘጋዋለች። ቴሌ ነው እንዴ የሚያወራው?

ጋሽ ታሪፍ፦ እናቴ፣ ይሄን በማንሳትዎ እግዜር ይስጥልኝ። ቴሌ አይደለም። መጀመሪያ የሚናገረው ማሽን ነው፣ «ይህ ጥሪ ከእስረኛ ነው» ይላል፣ መሀል ላይ ልጁ ስሙን በራሱ ድምፅ ይናገራል። ሁለት ሰከንድ እንኳ አትሆንም፣ ታመልጣለች። ከዚያ ለመቀበል አንድ ቁጥር ይጫኑ ይላል፣ ቁጥሩ እንደየኩባንያው ይለያያል። የልጅ ልጅ ካለች አንድ ቀን አብራ አዳምጣ ቁጥሩን በወረቀት ጽፋ ስልኩ አጠገብ ትለጥፍላቸው። ክፍያው የሚጀምረው ሲቀበሉ ነው፣ ማሽኑን መስማት ብር አይበላም። ተረጋግተው ይስሙ ይበሉልኝ። ስለ ክሱም እንዳያወሩ፣ ይቀዳል።

አቃቂ 08፦ 6 ሳንቲም ካሉት እኛ ጋ ሲደወል ለምን እጥፍ እጥፍ ይሆናል? ዘረፋ ነው!

ጋሽ ታሪፍ፦ ያ ጣሪያ ለአገር ውስጥ ጥሪ ነው። የውጭ ጥሪ ጣሪያ የመጣው በ2021 ነው፣ እሱም በአገር ውስጡ ዋጋ ላይ ኩባንያው ለተቀባዩ አገር መስመር የከፈለው ይደመራል። ወደ ኢትዮጵያ መግቢያው ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ ሁሉንም በሴኪዩረስ አታሳብቡ። ወደ ውጭ ጭራሽ የማያስደውል ጄልም አለ።

የታክሲው ሾፌር፦ ቀላል ነው፣ አሜሪካ ያለ ዘመድ ያነሳና ሌላ ስልክ ላይ በኢሞ ከኛ ጋር ያገናኘዋል።

ጋሽ ታሪፍ፦ አይሆንም! ሦስተኛ ሰው ማስገባት በአብዛኛው እስር ቤት ክልክል ነው፣ ሁለት ስልክ አፍ ለአፍ መግጠምም እንደዚያው ይቆጠራል። ጥሪው ይቋረጣል፣ ቁጥሩ ይዘጋል፣ ልጁ ስልክ ይከለከላል። ይልቅ ዘመዱ መልእክት ያድርስ።

ቂሊንጦ ማዶ፦ ወንድሜ የኢሚግሬሽን እስር ላይ ነው፣ ብር የለውም።

ጋሽ ታሪፍ፦ ለቆንስላውና ለነጻ ጠበቆች በነጻ የሚደወልባቸው ቁጥሮች አሉ፣ ዝርዝሩ ስልኩ አጠገብ ይለጠፋል። ይጠይቅ። የጉዳዩን ነገር ለጠበቃው ይንገር።

ስንቅ አቀባይ፦ ጋሼ፣ የኛስ አገር እስር ቤት ስልክ?

ጋሽ ታሪፍ፦ ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 21፣ የታሰረ ሰው ከቤተሰቡ፣ ከጓደኞቹ፣ ከሃይማኖት አማካሪው፣ ከሐኪሙና ከጠበቃው ጋር የመገናኘት መብት አለው። ከዚያ ወዲያ ለሚያውቅ እተዋለሁ።

ኮንዶሚኒየም ብሎክ 40፦ ልጁ ተፈቷል፣ ሂሳቡ ላይ ብር ቀርቷል። ይመለሳል?

ጋሽ ታሪፍ፦ ቶሎ ጠይቁ። ድሮ ለወራት ያልተነካ ሂሳብ ኩባንያ ጠቅልሎ ይወስድ ነበር፣ በዚህም ተከሰዋል። አሁን ሕጉ ተመላሽ ይላል፣ ግን ካልጠየቃችሁ የሚያስታውሳችሁ የለም። ሂሳቡን የከፈተው ሰው በስሙ ይጻፍ፣ የመጨረሻውን ደረሰኝ ፎቶ ያያይዝ። እምቢ ካሉ ለኤፍሲሲ በኢንተርኔት አቤቱታ ማስገባት ነጻ ነው፣ ጠበቃ አይጠይቅም። ኩባንያው በ30 ቀን ውስጥ መልስ መስጠት አለበት። እዚያ ያለው ዘመዳችሁ ያስገባላችሁ፣ ቀኑንና የጥሪውን ርዝመት ሳይረሳ።